ጆሮዬን እያያችሁ ለምትስቁ ልጆች

ልጆች፣ ጆሮዬ ምን ሆኖ እንደሆነ ሁልጊዜ ትጠይቁኛላችሁ። የራግቢ ስክረም ነው። ስምንት ለስምንት ጎንበስ ብለን ስንገፋፋ የፊተኞቹ ጆሮ ከባላጋራ ጭንቅላት ጋር ሲፋተግ ይውላል። ከቆዳው ስር ደም ይቋጥራል። ቶሎ ካልወጣ ይደድርና እንዲህ ተጨማዶ ይቀራል። በፕላስተር መጠቅለል ነበረብኝ፤ ሰነፍኩ።

ባለ 3 ቁጥር ነበርኩ። በራግቢ ቁጥር የሚሰጠው በቦታ ነው። 3 ማለት በፊት መስመር በስተቀኝ ያለው ነው፤ ጭንቅላቱ በሁለት ባላጋራዎች መሀል ይገባል። ትራይ አስቆጥሮ፣ ማለትም ኳሷን ከባላጋራ መስመር ማዶ መሬት አስነክቶ፣ 5 ነጥብ የሚያመጣው ሌላ ሰው ነው። የእኔ ሥራ ስክረሙ እንዳይወድቅ መያዝ ነበር።

የጀመርኩት በተወለድኩበት ከተማ ክለብ ነው፤ ያቆምኩትም እዚያው። እ.ኤ.አ. በ1995 ራግቢ ዩኒየን፣ ይኸው እኛ የምንጫወተው ባለ 15 ሰው ራግቢ፣ ለተጫዋች ክፍያ ሲፈቅድ ከትልቅ ክለብ ጥሪ መጣልኝ። ቀረሁ። በኋላ ሌላ መጣ፤ አሁንም ቀረሁ። ሰው ታማኝ ይለኛል። እውነቱን ልንገራችሁ? የመጀመሪያውን ፈርቼ ነው። ሁለተኛውን ግን ወድጄ ነው። የክለቡን ማልያ የሚያጥቡት ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት 15ቱንም በቁጥራቸው መንጠቆ ላይ ይሰቅሉ ነበር። የእኔን ማልያ አንገቱ በተቀደደ ቁጥር ሳልነግራቸው ሰፍተው አገኘዋለሁ። ያንን መንጠቆ ትቶ መሄድ አቃተኝ።

ታማኝነት ግን ያሳስታል። የኒውዚላንዱ ኮሊን ሚድስ ገበሬ ነበር። ለአገሩ 55 ቴስት (የአገር ለአገር ግጥሚያ) ሲጫወት ክፍለ ሀገሩን ኪንግ ካንትሪን አልለቀቀም። እ.ኤ.አ. በ1970 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ክንዱ ተሰብሮም ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተጫወተ ሲባል እየሰማን አደግን። እኔም አንድ ቀን ሞከርኩት። ጭንቅላቴን ተመታሁ። የሕክምና ረዳቱ ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። ነጥቡ ስንት ለስንት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ማታ የቤቴ በር ላይ ቆሜ የትኛው ቁልፍ እንደሚከፍት ጠፋኝ፤ ባለቤቴ ናት የከፈተችልኝ። በሳምንቱ ቪዲዮውን ሳይ ስክረሙን ሁለት ጊዜ የጣልኩት እኔ ነኝ። አጠገቤ የነበረው ልጅ በአንገቱ ነበር የወደቀው። ተመስገን፣ ተነሳ። እኔ ለክለቤ ስል ነው የቀረሁት እያልኩ የክለቤን ልጅ ልሰብር ነበር።

ዛሬ ጭንቅላቱን መመታቱ የተጠረጠረ ተጫዋች ከሜዳ ይውጣ ይላል ሕጉ። ግን ረዳቱ ሁሉን አያይም። ያልታየውን የምትናገሩት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ከክለባችሁ ጋር መቅረት ከፈለጋችሁ ቅሩ። መሄድ ከፈለጋችሁም ሂዱ፣ ማንም አይቀየማችሁም (ትንሽ እንቀየማለን)። ብቻ ሌላ ሙያ ይኑራችሁ። እኔን ከጨዋታ በኋላ ያኖረኝ የኤሌክትሪክ ሥራዬ ነው።

አሁን ስክረም አስተምራለሁ። በቀደም አንድ ባለ 3 ቁጥር ልጅ ተመትቶ ተነሳ።

«ደህና ነኝ ጋሼ» አለኝ።

«ነጥቡ ስንት ለስንት ነው?»

ዝም አለ። ማልያውን አውልቆ ሰጠኝ፤ እያለቀሰ ነበር። ወስጄ መንጠቆው ላይ ሰቀልኩለት።