«እነሱ እንኳ መጨረሻቸው ጋብቻ ነው» ያለች ልጅ

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ አለችኝ። «ፕሪቲ ሊትል ላየርስ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ደጋግማ ታያለች፤ በተለይ አስተማሪውና ተማሪዋ የሚዋደዱበትን ታሪክ። ዕድሜዋ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ስልኳ ላይ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪዋ በሌሊት የጻፈላትን አየሁ። «አንቺ እንደ እኩዮችሽ አይደለሽም። የምንጻጻፈው በመካከላችን ይቅር» ይላል። ስጠይቃት «እማዬ፣ ምንም የለም። ቢኖርስ ምናለበት? እነሱ እንኳ መጨረሻቸው ጋብቻ ነው» ብላ በሯን ዘጋች። አባቷ ስልኳን ልቀማት፣ ከትምህርት ቤቱም ላስወጣት ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከመልእክቱ ልጀምር። እኔን ያሳሰበኝ ከፊልሙ ይልቅ እሱ ነው። አንድ አስተማሪ ለተማሪው በሌሊት ጽፎ «በመካከላችን ይቅር» ካለ፣ ሌላ ምንም ባይፈጠር እንኳ መስመር አልፏል። ልጅን የሚያጠምዱ ትልልቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው። መጀመሪያ ልዩ እንደሆነች ይነግሯታል፣ ከሌላው ሰው ይነጥሏታል፣ ከዚያ ምስጢር ያስይዟታል። የዚህ ሰው ዓላማ ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ልፈርድ አልችልም። ልጅዎን ለመጠበቅ ግን ዓላማው እስኪጣራ መጠበቅ የለብዎትም።

ለልጅዎ ይህ መልእክት የፍቅር መጀመሪያ መስሎ ቢታያት አይፍረዱባት። ፊልሙ ሥዕሉን ቀድሞ ሰጥቷታል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጀምር አሪያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ኤዝራ ደግሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ነው። በ2017 ሲያልቅ ይጋባሉ። ተዋንያኑን ይመልከቱ። አሪያን የሠራችው ሉሲ ሄል ያኔ 20 ዓመት ሞልቷት ነበር። ኤዝራን የሠራው ኢያን ሃርዲንግ የሚበልጣት ሦስት ዓመት በማይሞላ ጊዜ ነው። ታሪኩ አስተማሪና ተማሪ ናቸው ይላል፣ ዓይናችን ግን የሚያየው ሁለት እኩያ ወጣቶችን ነው። በእውነተኛው ክፍል ውስጥ ያለው ልዩነት፣ ማርክ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ነገሩ ሲበላሽ የሚታመነው ማን እንደሆነ፣ ከሥዕሉ ይጠፋል። የእንዲህ ያሉ ፊልሞች ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል።

ግን ያው ፊልም ውስጥ ለእርስዎ የሚጠቅም ነገር አለ። በአራተኛው ሲዝን ኤዝራ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሪያ ማን እንደሆነች ያውቅ እንደነበር ይወጣል። ስለጠፋችው ጓደኛዋ መጽሐፍ ሊጽፍ ነበር የቀረባት። ልጅዎ ይህን ከእርስዎ በላይ ታውቀዋለች። አብረዋት ይዩትና ይጠይቋት፦ «እሱ ሁሉን ያውቅ ነበር፣ እሷ ግን አታውቅም ነበር። አንቺ ብትሆኚ ምን ይሰማሽ ነበር?» ከዚያ ዝም ይበሉ። መልሷን አያርሙ። ልጆች ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ ይዘጋሉ፣ ስለ ፊልም ሲጠየቁ ግን ብዙ ያወራሉ።

ለእርስዎ ለብቻዎ ደግሞ «ዘ ቴል» የሚባለውን እ.ኤ.አ. የ2018 ፊልም ልጥቀስልዎ። ከባድ ነው፣ ከልጅዎ ጋር የሚታይ አይደለም። ዳይሬክተሯ ጄኒፈር ፎክስ የራሷን ታሪክ ነው የሠራችው። በ13 ዓመቷ አሰልጣኟ ጥቃት አድርሶባታል፤ እሷ ግን ለብዙ ዓመታት እንደ ፍቅር ግንኙነት ነበር የምታስታውሰው። ፊልሙ ላይ በትዝታዋ መጀመሪያ የምናያት ልጅ ጠና ያለች ናት። ከዚያ እናቷ የፎቶ አልበም ታሳያታለች። ያ ትልቅ ልጅ የሚመስለው ፎቶ ከጊዜ በኋላ የተነሳችው ነው። በ13 ዓመቷ የነበረችው ሌላ ናት። ያው ትዕይንት እንደገና ሲመጣ፣ በዚያች ልጅ ቦታ የሕፃን ፊት ያላት ትንሽ ልጅ ቆማለች። ልጅዎም ዛሬ ራሷን ትልቅ አድርጋ ታያለች። በክርክር አያሸንፏትም።

አስተማሪን መውደድ በራሱ ነውር እንዳልሆነም ይንገሯት። እ.ኤ.አ. በ1967ቱ «ቱ ሰር ዊዝ ላቭ» ፊልም ተማሪዋ አስተማሪዋን ስትወድ፣ ሲድኒ ፖይቲየር የሚሠራው አስተማሪ አያዋርዳትም፣ አይጠቀምባትምም። መጨረሻ ላይ አብራው የምትደንሰው በሰው ሁሉ ፊት ነው። ስሜቱ የልጅቷ ነው፣ ወሰን መጠበቅ ግን የትልቁ ሰው ኃላፊነት ነው።

አሁን ወደ አባቷ ልመለስ። ንዴቱ ይገባኛል። ስልኳን ቢቀማት ግን ሌላ መንገድ ትፈልጋለች፣ ከዚያ በኋላም ለእናንተ ምንም አትነግርም። ከትምህርት ቤት ቢያስወጣት ደግሞ የተቀጣችው እሷ ናት፤ አስተማሪው ነገ ሌላ ተማሪ ፊት ይቆማል። መልእክቶቹን ሳታጠፉ ቅጂ ያዙ። ለአስተማሪው ራሳችሁ አትደውሉ፤ ማስረጃ የሚያጠፋበትና እሷን የሚያግባባበት ጊዜ ትሰጡታላችሁ። ሁለታችሁም ሄዳችሁ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ አመልክቱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ለልጅዎ ይንገሯት፤ ተደብቃችሁባት ከደረሰችበት እምነቷን ታጣላችሁ። ከመልእክት ያለፈ ነገር እንደነበር ካወቃችሁ፣ ወይም ትምህርት ቤቱ ሊያድበሰብስ ከሞከረ፣ ወደ ፖሊስና ወደ ሕፃናት ጥበቃ ክፍል ሂዱ።

ትቆጣለች። ለሳምንታት ላታናግርዎ ትችላለች። ያኔም ማታ ማታ በሯን አንኳኩተው «አንቺ ምንም አላጠፋሽም» ይበሏት። ባትመልስልዎም ይበሏት። እንቅልፍና ምግብ ከተዋች፣ ወይም ራሷን መጉዳትን የሚመስል ቃል ከአፏ ከወጣ፣ ያን ቀን ሳያሳድሩ ወደ ባለሙያ ይውሰዷት።