«ትናንትን እርሺው» እያለ ዝም ሲያሰኝሽ

ጥያቄውን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂያችን የሁለት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ለቤት መግዣ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሳያማክራት ለጓደኛው አበደረ። ጓደኛውም እስካሁን አልመለሰም። እሷ ነገሩን የሰማችው ከሰው ነው። «ማታ ሰሃን ሳጥብ ይመጣብኛል፣ ልጆቹ ሲያወሩኝ እንኳ አልሰማም። ይቅርታ ብሎኝ አያውቅም። ሳነሳበት ደግሞ ‹ቡድሃ ምን አለ? ትናንት አልፏል፣ ዛሬን ኑሪ› ይለኛል። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ?» ትላለች።

እህቴ፣ አይደለሽም። ባልሽ ከቡድሃ የተዋሰው የሚመቸውን ግማሽ ነው። (ቲክቶክ ላይማ ቡድሃ ያላለው ነገር የለም!)

ትናንትን አታሳድድ፣ ነገን አትናፍቅ፣ አሁን ያለውን አጥርተህ እይ የሚል ትምህርት እርግጥ አለው። ግን ይህ ንቃት ጥንታዊ የቡድሃ መጻሕፍት በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ «ሳቲ» ነው የሚባለው፣ የቃሉም ሥር ማስታወስ ነው። እና አሁን ላይ ኑሪ ማለት እርሺው ማለት ከሆነ ቃሉ ራሱ ይቃወማል። ደግሞስ ነገሩ መች ትናንት ሆነ? ገንዘቡ ዛሬም አልገባም፣ ይቅርታውም ዛሬም አልተጠየቀም። ዛሬን አጥርቶ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይሄንኑ ነው።

አንቺን የሚመለከተው ሌላው ትምህርቱ ነው። ሰው በቀስት ሲወጋ ያመዋል፤ ከዚያ ግን በሐዘን፣ በእልህና በማብሰልሰል ራሱን በሁለተኛ ቀስት ይወጋል ይላል። የመጀመሪያውን የወረወረው ባልሽ ነው። ሁለተኛው ግን ማታ ማታ ሰሃኑ ላይ የሚመጣው ነው፦ «እንዴት ሳላውቅ ቀረሁ፣ ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ፣ ከነልጆቼ ሜዳ ላይ ልቀር ነው።» ይሄን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እሱን ሳትጠብቂ መንቀል የምትችይው ይሄኛውን ስለሆነ ነው።

ሐሳብ መሄዱ ያንቺ ብቻ ችግር እንዳይመስልሽ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 ሰዎችን በስልካቸው እየጠየቁ አጥንተው ነበር፤ ሰዎቹ 47 በመቶ ያህሉን ጊዜ ሐሳባቸው ከሚሠሩት ነገር ላይ አልነበረም። ሐሳባቸው ሲሄድ ደግሞ ደስታቸው ይቀንሳል።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልሽ፣ ከዚያው ከሰሃኑ ጀምሪ። በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፉት የቬትናሙ መነኩሴ ቲክ ናት ሃን ሰሃን ስታጥብ ሰሃን እጠብ እያሉ ያስተምሩ ነበር። ቀልድ ይመስላል እኮ፣ ግን ሞክሪው። ዛሬ ማታ አምስት ሰሃን ብቻ። የውሃው ሙቀት፣ አረፋው፣ ሰሃን ከሰሃን ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ። ሐሳቡ ይመጣል፣ መምጣቱ አይቀርም። አትታገይው። በልብሽ «የገንዘቡ ሂሳብ መጣ» በይና ወደ ሰሃኑ ተመለሺ፤ ሃያ ጊዜ ከሄደ ሃያ ጊዜ መልሺው፣ ልምምዱ ያ መመለስ ነው።

«ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም ወይ?» ብለሽም ጠይቀሻል። አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ልምምድ ለሕመምተኞች ሲያመጣው ሃይማኖታዊውን ክፍል ትቶ ሥልጠና አድርጎት ነው። እኔም ቡድሂስት ሁኚ አላልኩሽም፣ ሰሃን እጠቢ ነው ያልኩሽ። እንቅልፍና ምግብ እየከለከለሽ ከሆነ ግን በሰሃን ብቻ አትለፊው፣ ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።

ለሂሳቡ ደግሞ የራሱን ሰዓት ስጪው። ቅዳሜ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ጓደኛው መቼ ነው የሚከፍለው? ካልከፈለ ሽማግሌ ይላክበት ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ከእንግዲህስ ከስንት ብር በላይ ሳትመካከሩ አይወጣም? ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያመመሽን ሳያቋርጥሽ አሥር ደቂቃ ይስማሽ። «ደሞ ወደ ትናንት ተመለስሽ» ካለሽ፣ ገንዘቡ ዛሬ የት እንዳለ ጠይቂው።

ቡድሃን መጥቀስም ካማረው ይጥቀስ። ስልኩን ብቻ ሌላ ክፍል አስቀምጦ ይምጣ።