የጦርነትና የዶክመንታሪ ፎቶ ኤግዚቢሽን የት ሄጄ ልይ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ከነአስተያየቶቹ አነበብኩት። ጀርመን ነው የምኖረው፣ ዶክመንታሪ ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ፣ የዘንድሮ ዕረፍቴን አንድ ጥሩ የጦርነት ወይም የዶክመንታሪ ፎቶ ኤግዚቢሽን ለማየት ላውለው እፈልጋለሁ፣ የትኛው ነው የሚያዋጣው? የ14 ዓመት ልጄንስ ይዤ ብሄድ? ነው ያልሽው። ብዙ ሰው "ወርልድ ፕሬስ ፎቶ" (የዓመቱን የጋዜጠኝነት ፎቶዎች አወዳድሮ የሚሸልመውና የሚያዞረው ድርጅት) ብሎ መልሶልሻል። ክፉ ምክር አይደለም፤ እመጣበታለሁ። እኔ ግን መጀመሪያ ሌላ ቦታ እልክሻለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ፕሮግራም ስትፈልጊ እንዳይምታታብሽ።

አንድ ቦታ ብቻ መሄድ ከቻልሽ ፔርፒኛን ሂጂ። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ስፔን ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ከ1989 ጀምሮ በየዓመቱ ቪዛ ፑር ሊማዥ የሚባል የፎቶ ጋዜጠኝነት ፌስቲቫል ይካሄድባታል። ኦገስት መጨረሻ ላይ ይከፈትና እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ይቆያል። ኤግዚቢሽኖቹን ለማየት ምንም አትከፍዪም። ፎቶዎቹ የሚሰቀሉት በድሮ ገዳምና በድሮ ቤተክርስቲያን ውስጥ ነው። በእግርሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄጃለሽ። በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ካምፖ ሳንቶ በሚባለው የመካከለኛው ዘመን መካነ መቃብር ግቢ ውስጥ ማታ ማታ በትልቅ ስክሪን ፎቶ ይታያል። ሕዝቡ ከሰማይ በታች ተቀምጦ ከየዓለሙ የመጣውን ያያል።

በነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም የምመርጠው። ፔርፒኛን ላይ አንድ ታሪክ የራሱ ግድግዳ አለው። አንዳንዴ የራሱ ክፍል ይሰጠዋል። ፎቶ አንሺው አንድ ቦታ ዓመታት ተመላልሷል እንበል። የቦታውን ጠዋት፣ ገበያውን፣ ሰርጉን፣ ለቅሶውን ሁሉ ታያለሽ። ተኩሱ ከዚህ ሁሉ መሀል አንዱ ነው። የጦር ፎቶ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጭስና ሬሳ ነው። በደንብ የተሠራ ረጅም ሥራ ላይ ግን ሬሳው ጥቂት ነው። የሚበዛው ወረፋ ነው፤ የውሃ ወረፋ፣ የዳቦ ወረፋ፣ የሆስፒታል ወረፋ። ጦርነት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል።

አንድ ፎቶ ታሳዝንሻለች። ሰላሳ ፎቶ ከነመግለጫቸው ግን ማን፣ ለምን፣ ከዚያስ ምን ሆነ የሚለውን ይነግሩሻል። ለእኔ የኤግዚቢሽን መለኪያው ይኸው ነው። የፎቶ አንሺው ዝና፣ የሽልማቱ ብዛት፣ የሕትመቱ ትልቅነት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ስም ተሰጥቶታል ወይ? ታሪኩ ቦታ አግኝቷል ወይ? እነዚህን ሁለቱን ነው መጀመሪያ የማየው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኛን በቀጥታ ይነካናላ። በ1984 ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ ረሀቡን የቀረጸበት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ። እርዳታ መጣ። ነፍስ ድኗል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶም በዚያው ዘመን ኮረም መጠለያ ውስጥ ያነሳቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች እስከ ዛሬ በየኤግዚቢሽኑ ይሰቀላሉ። ሳልጋዶ በ2025 ስላረፈ ሥራዎቹን ወደፊትም በብዛት ታያለሽ ብዬ እገምታለሁ። አጋጣሚውን ካገኘሽ እንዳያመልጥሽ። በመጋረጃ ቀዳዳ እንደሚገባ የማለዳ ብርሃን ነው ብርሃኑ፤ ጋቢ የለበሱት ሰዎች ክብራቸው አልተገፈፈም። "ረሀብን አሳመረው" ብለው የሚወቅሱት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ያገሬን ሰው በክብር ያነሳን ሰው በዚያ አልወቅሰውም። የሚያመኝ ሌላ ነገር ነው። ከፎቶው ስር አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ቦታና ዓመት ብቻ ነው። ኮረም፣ ኢትዮጵያ፣ 1984። እናትየው ማን ናት? ከየት ወረዳ ነው የመጣችው? ልጁስ ተረፈ? አርባ ዓመት ሙሉ ዓለም ያያት ሴት ስም የላትም። አንቺ ካሜራ ይዘሽ ስትወጪ ደብተርም ያዢ የምልሽ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ። አምስተርዳም ላይ የተመሠረተው በ1955 ነው። ዋናው ኤግዚቢሽን በአብዛኛው ከኤፕሪል ጀምሮ ዳም አደባባይ ባለው ኒዩወ ኬርክ በሚባለው የድሮ ቤተክርስቲያን ይታያል፤ ከዚያ በብዙ አገሮች ይዞራል። ጀርመንም ይመጣልና ለእሱ ብለሽ ዕረፍትሽን አትጨርሺ። ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃዋል። ጥቅሙ ስፋቱ ነው፤ የዓመቱን ዓለም ባንድ ዙር ታዪበታለሽ። ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል፤ ከሱዳን ወደ ዩክሬን፣ ከጋዛ ወደ አማዞን በሁለት እርምጃ ትሻገሪያለሽ። ነጠላ ፎቶዎቹን እለፊና የረጅም ጊዜ ሥራ የሚለው ክፍል ላይ ቁሚ።

ግን ፍትሕ እንዳላጎድል፣ ነጠላ ፎቶም ሲሳካ ይሳካል። በ2024 የአፍሪካን የነጠላ ፎቶ ሽልማት ያገኘው ጀርመናዊው ቪንሰንት ሃይገስ ያነሳው የትግራይ ፎቶ ነበር። አንድ ወጣት ተዋጊ ሁለት ዓመት ጠፍቶ ቤቱ ሲመለስ፣ እናቱ ስትቀበለው። መሣሪያ የለበትም፤ ደም የለበትም። የልጁ ስም ከፎቶው ጋር ተጽፏል፤ የቦታውም ስም አለ። የሰሜኑ ጦርነት ምን እንዳደረገን ለማያውቅ ሰው አንድ ፎቶ አሳይ ብባል ይህንን አሳያለሁ። ከየትኛውም ወገን ያለች እናት ራሷን ታይበታለች። በ2022 ደግሞ የዓመቱ ፎቶ ሆኖ የተመረጠው የካናዳዊቷ አምበር ብራከን ሥራ ሰው የለበትም። መንገድ ዳር በተተከሉ መስቀሎች ላይ የተንጠለጠሉ ቀይ ቀሚሶች ናቸው። ካምሉፕስ በሚባለው የነባር ሕዝቦች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ለሞቱት ሕፃናት መታሰቢያ ነው። ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት አለው፤ ሰቆቃን ሰቆቃውን ሳያሳዩ መናገር ይቻላል።

ኦክቶበር ላይ ዕረፍት ካለሽ ኖርማንዲ ውስጥ ያለችው ባየ አለችልሽ። ትንሽ ከተማ ናት። ከ1994 ጀምሮ የጦርነት ዘጋቢዎች ሽልማት የሚሰጠው እዚያ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኤግዚቢሽን፣ ፊልምና ውይይት አለ፤ ከሽልማቶቹ አንዱን የሚመርጠውም ሕዝቡ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የዘጋቢዎቹን መታሰቢያ ቦታ ሳታዪ እንዳትመለሺ። ሣር ላይ የቆሙ ነጫጭ ድንጋዮች ናቸው። ከ1944 ጀምሮ ሥራ ላይ የተገደሉ ጋዜጠኞች ስም በየዓመቱ ተቀርጾባቸዋል። ጊዜ ወስደሽ ካነበብሽ አንድ ነገር ትረጃለሽ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ታዋቂ የውጭ ዘጋቢዎች አይደሉም፤ የገዛ ከተማቸውን ሲዘግቡ የሞቱ ያገር ልጆች ናቸው።

የቦስኒያዋን ሳራዬቮን ደግሞ ለብቻዋ አስቢያት። ካቴድራሉ አጠገብ "ጋለሪያ 11/07/95" የሚባል ቤት አለ፤ በ2012 ነው የተከፈተው። ስሙ ስሬብሬኒካ የምትባለው የቦስኒያ ከተማ የወደቀችበት ቀን ነው፤ በተከተሉት ቀናት ከ8000 በላይ ሙስሊም ወንዶችና ልጆች ተገደሉ። ዋናው ሥራ የቦስኒያዊው ታሪክ ሳማራ ነው፤ ሁሉም ጥቁርና ነጭ። ግድያውን ሲፈጸም አላነሳም። ያነሳው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ የጅምላ መቃብሩ ሲቆፈር፣ አጥንት ሲለይ፣ እናቶች የልጆቻቸውን ሬሳ ሳጥን ሲጠብቁ። ይህ ሥራ ነው ስለ ጦርነት ፎቶ ያለኝን አስተሳሰብ የለወጠው። ፎቶ አንሺ ተኩስ ሲቆም ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ሳማራ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። እኛ አገር ስንት ያልተነሳ "ከዚያ በኋላ" እንዳለ አስቢው።

ዱብሮቭኒክ አሮጌው ከተማ ውስጥ ያለው ዋር ፎቶ ሊሚትድም በኒውዚላንዳዊው ፎቶ ጋዜጠኛ በዌድ ጎዳርድ የተመሠረተ ጥሩ ቤት ነው፤ ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ የነበረውን ያሳያል። ለባሕሩ ብለሽ በሞቃቱ ወራት ክሮኤሺያ ከሄድሽ ግቢ፤ በአውሮፓ የብርድ ወራት ዝግ ነው። ለንደን ከሄድሽ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም በ2023 የከፈታቸው የሥዕል፣ የፊልምና የፎቶ አዳራሾች በነጻ ይታያሉ። ግማሽ ቀን ይበቃል።

አሜሪካ ያላችሁት ደግሞ እንዳትቀሩ። ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በ2011 የተከፈተው የብሮንክስ ዶክመንታሪ ማዕከል አለ። ያቋቋመው የጦር ፎቶ አንሺ የነበረው ማይክል ካምበር ነው። ከቱሪስት መንገድ ርቆ ሰፈር ውስጥ ነው ያለው፤ የሰፈሩ ልጆችም ካሜራ ይማሩበታል። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ፣ የሆሎኮስት (ናዚዎች አይሁዶችን የጨፈጨፉበት ዘር ማጥፋት) ሙዚየም ውስጥ የፊቶች ማማ የሚባለውን እዩ። ወደ 1000 የሚጠጉ የአንዲት ከተማ ሰዎች ፎቶ ወደ ላይ ተደርድሯል። የሰርግ፣ የሽርሽር፣ የትምህርት ቤት ፎቶ ነው። የከተማዋ አይሁዶች በ1941 በሁለት ቀን ውስጥ አልቀዋል።

ይኸኛው ዓይነት፣ ማለትም የሟቾቹን የራሳቸውን የቤተሰብ ፎቶ የሚሰቅለው፣ ከማንኛውም የጦር ፎቶ በላይ ይከብደኛል። ኪጋሊ ያለው የሩዋንዳ ዘር ማጥፋት መታሰቢያም እንደዚሁ ነው፤ ቤተሰቦች ያመጧቸው ፎቶዎች በሽቦ ላይ ተንጠልጥለዋል። የልጆቹ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሕፃኑ ስም፣ የሚወደው ምግብ፣ እንዴት እንደተገደለ ተጽፏል። አገር ቤት ስትገቢም መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በዚህ ዓይን እዪው። ስንቱ አዲስ አበቤ በታክሲ በአጠገቡ እያለፈ አልገባበትም! ግድግዳው ላይ ያሉት አብዛኞቹ ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት የተነሱ ጉርድ ፎቶዎች ናቸው። አፍሮ ያበጠሩ፣ ሰፊ ኮሌታ ያላቸው የ18 እና የ20 ዓመት ልጆች። አንዳንዶቹ አስጎብኚዎች ራሳቸው ታስረው የተረፉ ናቸው። ፎቶው ስር ያልተጻፈውን እነሱ ይነግሩሻል፤ ጠይቂያቸው።

ስለ ልጅሽ። በ14 ዓመቱ ስልኩ ላይ ከዚህ የባሰ ነገር ያያል፤ ያውም ያለ ማብራሪያ፣ ብቻውን። ስለዚህ ይዘሽው ሂጂ እላለሁ። የፔርፒኛን ፌስቲቫል ተማሪዎችን በክፍል በክፍል ተቀብሎ ያስጎበኛል። የዲሲው ሙዚየምም ዋናውን ኤግዚቢሽን 11 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ነው የሚመክረው። ግን አንቺ ቀድመሽ ክፍሉን ዙሪና እዪ፤ ከዚያ አስገቢው። በቀን ከሦስት ታሪክ በላይ አታሳዪው። መሀል ላይ ውጡ፣ ብሉ፣ አውሩ። ልውጣ ሲል "ትንሽ ቆይ" አትበዪው። የቀይ ሽብሩን ሙዚየም ለሌላ ዓመት አቆዪለት፤ አጽም ስላለ።

ለራስሽ ደግሞ፦ መጀመሪያ ፎቶውን ብቻ እዪ። ቀጥሎ ጽሑፉን አንብቢ። ከዚያ ወደ ፎቶው ተመለሺ። ፔርፒኛን ላይ መግለጫው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋ አያስቸግርሽም። የመጀመሪያው ሳምንት የባለሙያዎች ሳምንት ነው። ፎቶ አንሺዎቹ ራሳቸው ሥራቸው ፊት ቆመው ያስረዳሉ፤ አክሬዲቴሽን (የባለሙያ መግቢያ ካርድ) ከያዝሽ ፖርትፎሊዮሽን፣ ማለት የሥራሽን ስብስብ፣ የሚያዩልሽ የፎቶ ኤዲተሮችም አሉ። ሆቴል ግን ይወደዳል፣ ቶሎም ይሞላል። ለዚያ ሳምንት ከወሰንሽ ከአሁኑ ያዢ። ከልጅሽ ጋር ከሆነ ሁለተኛው ሳምንት ይሻልሻል፤ ግፊያው ይቀንሳል። ወደ ባርሴሎና ርካሽ በረራ ካገኘሽ ከዚያ ፈጣን ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።