ከሩቅ ፊት፣ ከቅርብ መዳፍ

ይድረስ ብሩሽ ለጨበጣችሁ ልጆች፣

ባለፈው ሰሞን ከእናንተ አንዱ «ጋሼ፣ የነፍሰ ገዳይ ፊት ብሥል ምን አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ቡና እየጠጣን ስለነበር በቀልድ አለፍኩት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ እንግሊዝ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። ማይራ ሂንድሊ የምትባል ሴትና ወዳጇ ኢያን ብሬዲ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1965 ማንቸስተር አካባቢ ከ10 እስከ 17 ዓመት የሆኑ አምስት ልጆች ገደሉ። ከተያዘች በኋላ ፖሊስ ያነሣት ፎቶ፣ ያ ቀለም የተነከረ ፀጉርና ፍጥጥ ያለ ዓይን፣ ለ30 ዓመት ከጋዜጦቹ ገጽ አልጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ1995 ማርከስ ሃርቪ የተባለ ሰዓሊ ያንኑ ፎቶ ግዙፍ ሸራ ላይ አወጣው። አሣሣሉን ልብ በሉልኝ። የሕፃን እጅ ቅርጽ አሠርቶ፣ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ቀለም እያስነካ፣ ማኅተም እንደሚመታ ጸሐፊ ሸራውን በመዳፍ አሻራ ሞላው። ከሩቅ ስታዩት ያ የታወቀው ፊት ነው። ጠጋ ስትሉ ፊቱ ይበተንና የሕፃን መዳፍ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አንዴ ቢመጣልኝ ብዬ የቀናሁበት ጊዜ አለ፣ አልዋሻችሁም።

መስከረም 1997 እ.ኤ.አ. «ሴንሴሽን» በተባለው ዐውደ ርእይ ለንደን ሮያል አካዳሚ በሚባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ውስጥ ሲሰቀል አገር ታመሰ። በመክፈቻው ዕለት አንዱ ቀለም ደፋበት፣ ሌላው እንቁላል ወረወረበት። ከአካዳሚው አባላት ተቆጥተው የለቀቁ ነበሩ። አስከሬኑ እስከ ዛሬ ያልተገኘ የአንድ ልጅ እናት ሥዕሉ እንዲነሣ ተማጸኑ። ገዳይዋ ራሷ ሳትቀር ከእስር ቤት ሆና «አውርዱት» ብላ ጻፈች። አካዳሚው ግን ሥዕሉን አጽድቶ፣ መከለያ አልብሶ፣ ዘበኛ አቁሞለት መልሶ ሰቀለው።

ሰዓሊውን የረገሙት ጋዜጦች ያንኑ ፎቶ ሲያትሙ የኖሩት ራሳቸው ናቸው፤ ይህ ግብዝነት አይጠፋኝም። እኔም ብሆን ሥዕሉ ይውረድ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ዐውደ ርእዩን 300,000 ያህል ሰው አየው፤ ጋዜጣውን ግን ሚሊዮኖች። ያን ሸራ የመዳፍ ስፋት አድርጋችሁ ጋዜጣ ላይ ስታትሙት የሕፃኑ እጅ ይጠፋል። የሚቀረው ያው የፖሊስ ፎቶ ነው፤ ሰዓሊው የደከመበት ነገር በሙሉ የለም። የእናንተ ሥራ ደግሞ ጋዜጣ እንኳ አያገኝም፣ የሚታየው ስልክ ላይ ነው፤ በአውራ ጣት እየተገፋ። ስለዚህ ሥዕሉን ጨርሳችሁ ከማውጣታችሁ በፊት በስልክ አንሡትና አሳንሳችሁ እዩት። የቀረው የገዳዩ ፊት ብቻ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

ይህን የምለው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። የግል መጽሔቶች እንደ አሸን በፈሉበት ዘመን የአንዱን ሽፋን እሠራ ነበር። የአንድ ገዳይ ጉዳይ ከተማውን ሲያነጋግር ፊቱን ሣልኩት፤ ዓይኑን ከፎቶው ይልቅ አጎላሁት፣ ጀርባውን ቀይ አደረግሁት። እትሙ በሁለት ቀን አለቀ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በሳምንቱ ጠና ያሉ ሴት ቢሮ መጡ፤ የሟች እኅት ናቸው። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ መጽሔቱን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩትና «የሣልከው አንተ ነህ ልጄ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ወንድሜን ያልሣልከው ፎቶ አጥተህ ነው? እኔ ዘንድ አለኮ» ብለው ከቦርሳቸው ጉርድ ፎቶ አወጡ። ከመታወቂያ ላይ የተላጠ ነው፤ ጥጉ ላይ የሐምራዊ ማኅተም ግማሽ ቀርቶበታል። የምመልሰው አጣሁ። «ሳታስፈቅደን ለምን ሣልክ?» ቢሉኝ ኖሮ ስለ ጥበብ ነጻነት አንድ ሰዓት እደሰኩርላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ፎቶ አቀበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ ስጀምር የሟቹን ቤት እፈልጋለሁ። ፈቃድ ልለምን አይደለም፤ እምቢ ቢሉኝም የሠራሁበት ጊዜ አለ። ግን ከእኔ አፍ ይስሙት እንጂ ግድግዳ ላይ ድንገት አይግጠማቸው እላለሁ። አንዳንዱ ቤት በር ተዘግቶብኛል፤ አንዱ ቤት ውሻ ለቀውብኛል።

ጉርድ ፎቶውን ይዤ የወንድማቸውን ፊት በእርሳስ ሠራሁ። እስክጨርስ መጽሔቱ ተዘጋ፤ ስለዚህ ሥዕሉን ጠቅልዬ ቤታቸው ወሰድኩላቸው። መስኮቱ ጋ ወስደው አዘነበሉት፣ አራቁት፣ አቀረቡት።

«ጆሮው እንዲህ አይደለም፤ ትንሽ ገለጥ ይላል» አሉኝ።

እርሳሴን ከኪሴ አወጣሁ።