ተክሉ ሴሉን ገደለው፤ ከዚያስ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የፋርማሲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ ከተፈጥሮ በተገኙ የካንሰር መድኃኒቶች ላይ ማስተርስሽን መሥራት ትፈልጊያለሽ። ሊያማክሩሽ የፈቀዱት መምህር «ማንም ያልነካው ተክል ፈልጊ፣ የካንሰር ሴል ላይ ሞክሪው፣ ከገደለ አሳትሚ፤ በቃ ጨረስሽ» ብለውሻል። አባትሽ ደግሞ «ምርምር ሆድ አይሞላም፤ ሥራ ያዢና ታናናሾችሽን አስተምሪ» ይላሉ። በዚያ ላይ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፣ ዕድሜዬም እየሄደ ነው ብለሻል።

እንግሊዝኛው በማንበብ ይመጣል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የጥናት ጽሑፍ አንብቢ። ዕድሜውን ተዪው፤ ይህ ሙያ የቸኮለን ሰው አይወድም።

እኔን ያሳሰበኝ የመምህርሽ ምክር ነው። በዚህ መንገድ ስንት ጎበዝ ተማሪ ሲባክን አይቻለሁ።

የካንሰር ሴልን መግደል ቀላል ነው። በረኪናም ይገድለዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ያለ ሴል ጉበት የለውም፣ ኩላሊት የለውም፣ አያስመልሰውም። ከባዱ ነገር ሴሉን እየገደሉ ሰውየውን ማትረፍ ነው። የፋርማኮሎጂ፣ መድኃኒትና ሰውነት እንዴት እንደሚገናኙ የሚያጠናው ሙያ፣ ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው። «ይህ ቅጠል የካንሰር ሴል ገደለ» የሚል ጽሑፍ ሞልቷል፤ አብዛኛው ከዚያች ሳህን ወጥቶ አያውቅም።

ካምፕቶቴሲን የሚባለውን ከተክል የተገኘ ውህድ እይው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ሞንሮ ዎልና ማንሱክ ዋኒ የሚባሉ ኬሚስቶች ከአንድ የቻይና ዛፍ ለይተው በ1966 አሳተሙት። ሴል ይገድላል፤ እሱ ላይ ጥያቄ አልነበረም። ችግሩ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። እንዲሟሟ ብለው ሞለኪውሉ ላይ ያለችውን አንዲት ቀለበት ከፍተው ወደ ሶዲየም ጨው ቀየሩት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሕመምተኞች ተሰጠ። ዕጢው ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ፣ ጉዳቱ ግን ብዙ ሆነ፤ ፊኛቸው የደማ ሕመምተኞች ነበሩ። ሙከራው ቆመ።

ኋላ ነገሩ ሲጠና ምሥጢሩ ያችው ቀለበት ሆና ተገኘች። ካልተዘጋች መድኃኒቱ አይሠራም። የተከፈተው ሞለኪውል ደግሞ በኩላሊት ወርዶ ሽንት ውስጥ ይጠራቀማል። ሽንቱ አሲድነት ሲኖረው ቀለበቷ ተመልሳ ትዘጋለች። ዕጢው ጋ ሲደርስ የተኛው መድኃኒት ፊኛ ውስጥ ይነቃል ማለት ነው! ካምፕቶቴሲን ቶፖአይሶሜሬዝ 1 የሚባለውን፣ የተጠማዘዘ ዲኤንኤን የሚያላላ ኢንዛይም እንደሚያጠምድ የታወቀው በ1985 ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሙት፣ ቀለበታቸው ያልተነካው ልጆቹ፣ ከሱ የተሠሩት ቶፖቴካንና ኢሪኖቴካን፣ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኙት በ1996 ነው። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ዛፉ ያው ዛፍ ነበር። የተለወጠው ስለ ሞለኪውሉ ያለን እውቀት ነው።

በኢሪኖቴካንም ነገሩ አላለቀም። ሰውነት ውስጥ ኤስኤን-38 ወደሚባል እጅግ ኃይለኛ ውህድ ይቀየራል። ጉበት ዩጂቲ1ኤ1 በተባለ ኢንዛይም ከስኳር የተገኘ አሲድ ይለጥፍበትና በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይጥለዋል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ደግሞ የተለጠፈውን ፈልቅቀው መርዙን መልሰው ይለቁታል። ያ አሰቃቂ ተቅማጥ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። ኢንዛይሙ በዘር ደካማ የሆነበት ሰው ደግሞ በተለመደው መጠን ነጭ የደም ሴሉ ክፉኛ ሊወርድ ይችላል።

ሜይታንሲን የሚባል ሌላ ውህድም አለልሽ። ከአጣጥ ወገን ከሆነ፣ ናሙናው ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሰበሰበ ተክል ነው የተለየው፤ የኬሚስቱ የኩፕቻን ቡድን በ1972 አሳተመው። ሰው ላይ ሲሞከር መርዝነቱ በዛና ተተወ። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ከሱ የተሠራ ውህድ፣ አንዳንድ የጡት ካንሰር ሴሎች ላይ የሚበዛውን ኸር2 የሚባል ፕሮቲን ፈልጎ ከሚይዝ አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚጣበቅ ፕሮቲን) ጋር ተያያዘ። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን ተብሎ በ2013 ጸደቀ። መርዙን ያዳነው አዲስ ተክል አይደለም፤ የት ሄዶ እንደሚለቀቅ መወሰኑ ነው።

ይህ ሁሉ በደንብ የገባኝ ትምህርት ላይ ሳይሆን ሆስፒታል ውስጥ ኬሞ በማዘጋጅበት ጊዜ ነው። ፓክሊታክሰል የሚባለው ከተክል የተገኘ የካንሰር መድኃኒት ውሃ አይወድም፤ የሚመጣው በተቀነባበረ የጉሎ ዘይትና በአልኮል ተሟሙቶ ነው። ጠርሙሱን ስታዘነብዪው ይንቀራፈፋል፣ ከነቀነቅሽው አረፋ ይሞላል። ያ ማሟሟያ ፒቪሲ ከሚባል ፕላስቲክ ከተሠራ ከረጢት ውስጥ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰውን ኬሚካል አጥቦ ያወጣል፤ ስለዚህ ከረጢቱም ቱቦውም ሌላ ዓይነት መሆን አለበት። ሕመምተኛውም አለርጂ እንዳይጥለው አስቀድሞ ዴክሳሜታዞንና የአለርጂ መድኃኒት ይወስዳል። ቪንክሪስቲን የሚባለው ሌላው ከተክል የተገኘ የካንሰር መድኃኒት ደግሞ በደም ስር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ተሳስቶ በጀርባ አጥንት ፈሳሽ ውስጥ ከገባ ይገድላል። በሲሪንጅ ሳይሆን በትንሽ ከረጢት አዘጋጁት የሚባለው ለዚህ ነው። ሕመምተኛው ለፈንገስ ኢትራኮናዞል የሚባል መድኃኒት ከታዘዘለት ደግሞ ቪንክሪስቲን የሚያመጣው የነርቭ ጉዳት ሊብስበት ይችላል፤ ቪንክሪስቲንን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ያግደዋልና። ዋርድ ላይ ነርቩ ተጎድቶ ጣቱ የደነዘዘ አንድ ሰው «የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ» ሲልሽ የምርምር ጥያቄሽ ራሱ ይመጣል፤ ፍለጋ አያስፈልገውም።

ስለዚህ እኔ የምልሽ፣ እንደተመረቅሽ ማስተርስ ውስጥ አትዘዪ። የካንሰር ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ፋርማሲ ገብተሽ ሁለት ዓመት ሥሪ። ከዚያ ጥያቄሽን ይዘሽ ወደ ፋርማኮሎጂ ግቢ፤ በተለይ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆንና ከምን ጋር እንደሚጋጭ ወደሚያጠናው ክፍል። ለምሳሌ ሴንት ጆንስ ዎርት፣ ሰዎች ለድብርት የሚወስዱት ዕፅ፣ የኤስኤን-38ን መጠን ደም ውስጥ ይቀንሰዋል። ሕመምተኛው ሐኪሙን ሳያማክር ከኬሞው ጋር የሚወስደው ቅጠል ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ለእኔ ከአዲስ ተክል ፍለጋ ይበልጣል።

አባትሽን በተመለከተ በግልጽ ልንገርሽ። ደመወዝ ያስፈልግሻል ማለታቸው ልክ ነው፤ የጀማሪ ተመራማሪ ገቢ ቀጭን ነው። ታናናሾችሽን የማስተማር ኃላፊነት ግን የወለዷቸው እንጂ ያንቺ አይደለም። ማገዝ ሌላ፣ ወላጅን መተካት ሌላ። ከደመወዝሽ ምን ያህል እንደምትሰጪና እስከ መቼ እንደሆነ ሥራ ሳትጀምሪ ቁርጡን ንገሪያቸው። ይከፋቸው ይሆናል፤ ይከፋቸው። ይህን ካላደረግሽ ሁለቱ ዓመት አሥር ይሆንብሻል።

መምህርሽን ግን ሳታነጋግሪ እንዳትተዪያቸው። ሄደሽ ጠይቂያቸው፦ ተክሉን ጤነኛ ሴል ላይም እንሞክረዋለን? ከጉበት ኢንዛይሞች ጋር ሲቀላቀል ሳይሰባበር ምን ያህል ይቆያል? ሳህኑ ላይ ሴሉን የገደለው መጠን ሰው ደም ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነው? «እንሠራዋለን» ካሉሽ የእኔን ምክር ተዪውና ከእሳቸው ጋር ጀምሪ። «እሱ የኋላ ነገር ነው» ካሉሽ ለሆስፒታሉ ማመልከቻሽን አስገቢ።