ግንባሩ ላይ «ኳትሮ» ተጽፏል፤ ውሉ ላይስ?

ጥያቄ፦ «የ2003 ሞዴል አውዲ ኤ6 ገዛሁ። ማስታወቂያው ባለ 3.0 ሊትር ቪ6 ሞተር፣ 220 የፈረስ ጉልበት፣ ፉል ኦፕሽን፣ ኳትሮ ይላል። መኪናው ላይም ከፊትና ከኋላ «ኳትሮ» የሚል ምልክት አለ። መካኒክ ጓደኛዬም አይቶልኛል። በኋላ ጋራዥ ሳስገባው ‘ይሄ በፊት ጎማ ብቻ ነው የሚነዳው፤ ካምቢዮውም መልቲትሮኒክ ነው’ አሉኝ። ሻጩ ጋ ብደውል ‘አይተህ ነው የገዛኸው’ ብሎ ዘጋብኝ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ ደብዳቤዎ ረጅም ነበር፤ ከላይ ያለው አሳጥሬ ነው። ስለ ቆዳ ወንበሩ፣ ስለ ዜኖን መብራቱ፣ ስለ ጣሪያው መስኮት ግማሽ ገጽ ጽፈውልኛል። ስለ ውሉ ግን አንድ መስመር የለም። ደግሜ አነበብኩት፤ የለም። መቼ እንደገዙ፣ ጋራዡ መቼ እንደነገረዎት፣ ለሻጩ መቼ እንደደወሉም የለም። አይቀየሙኝና፣ ጉዳይዎን የሚወስነው ያልጻፉልኝ ነገር ነው።

መጀመሪያ መኪናውን እንጨርስ። ጋራዡ ልክ ሳይሆን አይቀርም። መልቲትሮኒክ የሚባለው የአውዲ አውቶማቲክ ካምቢዮ የተሠራው በፊት ጎማ ለሚነዱ መኪኖች ነው፤ አውዲ ከኳትሮ፣ ማለትም በአራቱም ጎማ ከሚነዳው አሠራር፣ ጋር አጣምሮት አያውቅም። የዚያ ዘመን ኤ6 ባለ 3.0 ሞተሩ በሁለቱም ዓይነት ወጥቷል። ስለዚህ 220 የፈረስ ጉልበት መሆኑ ኳትሮ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ልዩነቱ ያለው ከሥር ነው። ኳትሮው ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ አለው፤ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍል የኋላ ዲፈረንሻልም አለው። የፊት ጎማው ሁለቱም የሉትም። የኋላ እግሩ አሠራር ራሱ ይለያያል። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ምልክቱን እርሱት። ኳትሮ በጣሊያንኛ አራት ማለት ነው፤ የተለጠፈ ቃል ግን ጎማ አያዞርም። ማንም ገዝቶ ሊለጥፈው ይችላል። የሚታመነው ፋብሪካው የለጠፈው ወረቀት ነው። ስኮርታ ጎማው ያለበትን ጉድጓድ ከፍተው ይዩ፤ የሰርቪስ ደብተሩም ላይ አለ። የሻንሲ ቁጥሩና የዕቃዎቹ ኮዶች ተዘርዝረውበታል። ከኮዶቹ መሃል 1ኤክስ1 ካለ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነበር። 1ኤክስ0 ካለ በፊት ብቻ። ወረቀቱን ሳይነካኩ ፎቶ ያንሱት።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ዋናው ነገር አጭር ነው። ሻጭ ያስረከበው ዕቃ ቃል ከገባው ጋር መስማማት አለበት። ካልተስማማ ገዢው እንደ ጉድለቱ ክብደት ውሉ እንዲፈርስ፣ ዋጋ እንዲቀነስለት ወይም ኪሳራ እንዲከፈለው ሊጠይቅ ይችላል። ገዢውም በበኩሉ ዕቃውን መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይውል ሳያድር ለሻጩ ማስታወቅ፣ ይርጋ ሳያልፍበት መክሰስ አለበት። ቀነ ገደቡ እንደየሕጉ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጋ በጣም አጭር ነው። ቀኖቹን የጠየቅኩዎት ለዚህ ነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ጋ ደረስን። የመኪና ገዢዎች ቢሮዬ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ማስታወቂያውን ነው። ስልካቸውን አውጥተው «ይኸው፣ ኳትሮ ይላል!» ይሉኛል። እኔ ደግሞ «ውሉስ?» እላለሁ። ዝም ይላሉ። ውሉ ላይ ያለው የመኪናው ዓይነት፣ የሠሌዳ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ ዋጋው ነው። ከታች ደግሞ ያቺ የታወቀች ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ገዢ መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼና መርምሬ ወድጄ ገዝቻለሁ።» የእርስዎም ውል ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። ሻጩ «አይተህ ነው የገዛኸው» ያለዎት ከአፉ አምልጦት አይደለም፤ ይቺን መስመር ይዞ ነው።

ችግሩ ገባዎት? እርስዎ ገንዘብ የከፈሉት ለዝርዝሩ ነው። የፈረሙት ግን ዝርዝሩ በሌለበት ወረቀት ላይ ነው። ዳኛ ፊት ስንቀርብ መጀመሪያ የሚነበበው የፈረሙት ነው። ማስታወቂያው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ሻጩ ምን ብሎ እንደሸጠ ያሳያል። ግን ማን ለጠፈው? ደላላው ከሆነ ሻጩ «እኔ አላልኩም» ይላል። አሁንስ አለ ወይስ ተሰርዟል? ስክሪንሹት ካለዎት ቀኑና የለጠፈው ሰው ስም ይታያል?

«ባለበት ሁኔታ» የምትለዋ ሐረግ ሁሉን በር ትዘጋለች ብዬ አላምንም። እኔ ብከራከር እንዲህ እላለሁ፦ ባለበት ሁኔታ ማለት ዘይት ቢያንጠባጥብ፣ ቆዳው ቢሰነጠቅ፣ የ2003 መኪና እንደ አሮጌነቱ ቢያረጅ ነው። መኪናው ሌላ ዓይነት ሆኖ መገኘት እርጅና አይደለም። ጥሩ ክርክር ነው። ክርክር ነው እንጂ ዋስትና ግን አይደለም፤ ውልዎን ሳላነብ ይረታሉ ልልዎት አልችልም። ሻጩ አውቆ አታልሏል ማለት ከፈለጉ ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል። ምልክቱን ማን ለጠፈው? እሱም ሲገዛው ተለጥፎ ከነበረ የተታለለው ሰው ሁለት ነው።

ገና ላልፈረማችሁ አንባቢዎች፣ ውሉ ላይ ይቺን አስጨምሩ፦ «ሻጭ ይህ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መሆኑንና አሁንም በአራቱም ጎማ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጫለሁ።» ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

አሁን ወደ መካኒክ ጓደኛዎ። በሦስት ቃል ነው ያለፉት፦ «መካኒክ ጓደኛዬም አይቶልኛል።» ምኑን አየ? ኮፈኑን ከፍቶ ሞተር ሰምቶ ነው የተመለሰው ወይስ ሥሩ ገብቶ ነበር? ከኋላ ዲፈረንሻል አለመኖሩ የተደበቀ ጉድለት አይደለም። መኪናው ሥር የተኛ መካኒክ ያየዋል። ሥሩ ገብቶ ከነበረ ሻጩ «ባለሙያ ይዞ መጥቶ መርምሯል፤ ግልጽ የሆነውን አይቶ ተቀብሏል» ይላል፤ ይህ ይጎዳዎታል። ሻጩ በግልጽ «ኳትሮ ነው» ብሎ ማረጋገጡን ካሳዩ ግን የምርመራዎ ጉድለት ክብደቱ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ እንደገና ወደ ጽሑፍ ማስረጃ እንመለሳለን፤ የቴሌግራም መልእክት፣ የድምፅ መልእክት፣ ምንም ይሁን ምን አይሰርዙ። ስልክ ቀይረው ከሆነ አሮጌውን እንዳይሸጡት።

በስልክ ተናደው መናገርዎን ጉድለቱን ለሻጩ እንደ ማሳወቅ አልቆጥረውም። ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁት፤ መድረሱ የሚረጋገጥበትን መንገድ ይምረጡ። ረቂቁን ግን ጠበቃ ይይልዎት፤ በንዴት የተጻፈ ደብዳቤ ያበላሸብኝ መዝገብ ብዙ ነው። ጋራዡ ያገኘውን ቀንና የሻንሲ ቁጥር ጠቅሶ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ በወረቀት ይስጥዎት። ካምቢዮውን አያስፈቱ፣ መኪናውን አይሽጡት፣ ረጅም መንገድም አይውጡበት። ውሉ ይፍረስልኝ እያሉ መኪናውን ሲጠቀሙበት መክረም ለሻጩ መልስ ማቀበል ነው።

ከዚያ ውሉን፣ ሊብሬውን፣ የክፍያ ደረሰኙን፣ የሰርቪስ ደብተሩንና የስኮርታውን ጉድጓድ ፎቶ ይዘው በአካባቢዎ ያለ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ጓደኛዎንም ይዘውት ይሂዱ። ምስክርነቱ ለእርስዎ ይሁን ለሻጩ እንደሚጠቅም አስቀድሞ መታወቅ አለበት።