ኪልት ለብሶ የመጣውን እንግዳ አትሳቁበት

ልጆች እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን ኤዲንብራ ቱሪዝም ውስጥ ስራ ጀመርን ምን ይመክሩናል ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ነበራችሁ፣ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። እኔ እዚህ ስኮትላንድ በአስጎብኚነት ከ20 አመት በላይ ሰርቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይዤ የምዞረው ደግሞ ከአሜሪካ ከካናዳ ከአውስትራሊያ "የአያቶቼ ሀገር" እያለ የሚመጣውን ሰው ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው አመት መሰለኝ አንድ ሽማግሌ ከካናዳ መጡ፣ የቤተሰቤ ታርታን (ባለ መስመር የጨርቅ ጥለት) ነው ያሉትን ኪልት፣ ማለት የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱትን ጉርድ ቀሚስ፣ ከነካልሲው ለብሰው፣ በዚያ በጁላይ ሙቀት ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ላሳይ ብዬ፣ ይሄ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ ታርታን አለው የሚባለው ነገር እኮ በደንብ የተስፋፋው ንጉስ ጆርጅ 4ኛ በ1822 ኤዲንብራ መጥቶ ደራሲው ዋልተር ስኮት ድግሱን ካዘጋጀ ወዲህ ነው፣ ጥንት እንዲህ አልነበረም አልኳቸው፣ ያውም በሰው ፊት። "እንደዛ ነው?" አሉና እስከ ማታ አንዲት ጥያቄ አልጠየቁኝም። ያልኩት ውሸት አልነበረም፣ ግን ከዚያ በኋላ ያወራሁትን ሁሉ ለንፋስ ነው ያወራሁት።

አሁን ቢሆን ከ1746 እጀምርላቸው ነበር። አመጸኞቹ በመንግስት ጦር ከተሸነፉበት ከኩሎደን ጦርነት በኋላ መንግስት የሀይላንድን (ውሃውን አይደለም የምላችሁ፣ ደጋውን ሀገር ነው) ልብስ ለወንዶች ከለከለ፣ ክልከላው የተነሳው በ1782 ነው፣ ከዚያ 40 አመት ቆይቶ ያንኑ የተከለከለ ልብስ ንጉሱ ራሱ ለብሶት ኤዲንብራ ላይ ታየ። እውነቱ ያው ነው፣ ሽማግሌው ግን ይስቁልኝ ነበር፣ ከዚያም ዛሬ ማን ነው የሚለብሰው ብለው ይጠይቁ ነበር። እኔም ሰርግ ላይ፣ የስኮትላንድ ቡድን ሲጫወት ደጋፊው፣ እያልኩ ወደ አሁኑ ሀገር አመጣቸው ነበር።

የምላችሁ ይሄንኑ ነው። ዲያስፖራው ይዞት የሚመጣው አያቱ መርከብ ሲሳፈር የቆመውን ሀገር ነው፣ እናንተ ደግሞ የዛሬውን እንዲያይ ትፈልጋላችሁ፣ መንገዱ ግን በእሱ ጥያቄ በኩል ነው የሚያልፈው እንጂ በእናንተ ብሮሹር አይደለም።

ክሮይክ የምትባል ትንሽ ቤተክርስቲያን አለች ሰሜን ውስጥ። በ1845 ባለመሬቶቹ መሬቱን ለበግ ፈልገውት ሲያባርሯቸው የግሌንካልቪ ሰዎች ግቢዋ ውስጥ ተጠለሉ፣ መስኮቱንም ከውጭ ጭረው ጻፉበት፣ ጽሁፉ አሁንም ይነበባል። አንደኛው "የግሌንካልቪ ሰዎች፣ ክፉ ትውልድ" ይላል፣ ሰዎቹ በኃጢአታችን የመጣብን ነው ብለው ሳይሆን አይቀርም። አንዲት የኖቫ ስኮሽያ (ካናዳ) ሴትዮ እዚያ ወስጃት ጣቷን መስታወቱ ላይ ሳታስነካ በአየር ላይ ፊደሉን እየተከተለች አነበበችና "ቋንቋቸው ጌሊክ አይደለም እንዴ፣ ለምን በእንግሊዝኛ ጻፉት?" አለችኝ። ምናልባት መጻፍ የተማሩት በእሱ ይሆናል አልኩ፣ ቀጥዬም ዛሬ ግላስጎ ውስጥ ልጆች ሂሳቡንም ሳይንሱንም በጌሊክ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ ስላት መንገዱን ሁሉ ስለ እሱ ስትጠይቀኝ መጣች። ስለ ዘመናዊ ስኮትላንድ ሌክቸር ብሰጣት ተኝታ ነበር። ኤዲንብራ አጠገብ ያለችውን የድሮ ቤተክርስቲያን ሮስሊን ቻፕልን ሊያይ ለመጣም እንደዚሁ ነው፣ ከሌላ በግ ሴል የተቀዳችው (ክሎን የተደረገችው) ዶሊ የተባለችው በግ በ1996 እዚያው አካባቢ ነው የተወለደችው ስትሉት ወሬው በራሱ ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ካምቤል የሚባል እንግዳ ከጃማይካ ሲመጣ ዘላችሁ "እንኳን ወደ ሀገርህ መጣህ" አትበሉ፣ ስሙ ከስኮትላንዳዊ የባሪያ ጌታ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሀገሩ ሁሉ ጃንዋሪ 25 ሀጊስ (ከበግ ሆድ ዕቃ የሚሰራ ምግብ) እየበላ የሚያከብረው ገጣሚው ሮበርት በርንስ እንኳን በ1786 ባሪያ በሚሰራበት የጃማይካ እርሻ ላይ ሊቀጠር ተነስቶ ነበር፣ ግጥሙ ተወደደለትና ቀረ። ዝም ብላችሁ አዳምጡ፣ ከጠየቀ ከጃማይካ ጋር በነበረው ንግድ የተሰየመውን የግላስጎን ጎዳና ጃማይካ ስትሪትን አሳዩት፣ ደብቃችሁ የምታስጎበኙት ሀገር ማንንም አያኮራም።

እኛ ሀበሾች ይሄ ሊከብደን አይገባም ነበር። ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት እዚሁ ኤዲንብራ ሴንት ጆንስ ቤተክርስቲያን ቁምሳጥን ውስጥ ተገኝቶ በ2002 አዲስ አበባ ሲገባ ህዝቡ እንዴት እንደወጣ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ትንንሾቹ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ያኔ አንድ ሰው መሀል ገብቶ ስለ እንጨቱ እድሜ ቢያስተምረን ምን እንል ነበር?

ሽማግሌው ሲሰናበቱኝ ቲፕ ሰጡኝ። ጥሩ ቲፕ ነበር፣ እሱ ነው ያሳፈረኝ።